ትንሽ አውቶማቲክ መኪና በአጭር ጉዞ ከተማ፦ የቤንዚን ፍጆታ አለካክ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ

አጽሕሮተ ጽሑፍ

በምዕራብ ጎጃም ከተሞች የሚነዱ ትንንሽ አውቶማቲክ መኪኖች ከተማ ውስጥ «ቤንዚን ይበላሉ» እየተባሉ ወደ ጋራዥ ይገባሉ። ይህ ጽሑፍ ቅሬታው ሁልጊዜ የብልሽት ምልክት እንዳልሆነና ኪሎ ሜትር በሊትር የሚባለው መለኪያም ለእነዚህ ከተሞች ብቻውን እንደማይበቃ ያስረዳል። ፍጆታን በርቀት፣ ሞተሩ እየሠራ መኪናው በሚቆምበት ጊዜና በቀዝቃዛ ማስነሻ ብዛት የሚከፍል ቀላል ስሌት ካቀረበ በኋላ፣ እውነተኛ ብልሽት ከአጠቃቀም ጠባይ የሚለይበትን መንገድ ያመለክታል።

1. የጥያቄው መነሻ

ፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ የተዘረጋች የዞን ከተማ ናት። ቡሬ በዚያው ጎዳና ላይ ወደ ሰሜን ምዕራብ ትገኛለች፤ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት የሚወስደውም መንገድ የሚገነጠለው ከእርሷ ነው። ሁለቱም ከተሞች ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው በጥቂት ደቂቃ የሚነዱባቸው ናቸው። በመሆኑም የአንድ የቤት መኪና የዘወትር ሥራ ልጅ ትምህርት ቤት ማድረስ፣ መሥሪያ ቤት መግባት፣ ለምሳ መመለስ፣ ገበያ ደርሶ መምጣት ነው። የእያንዳንዱ ጉዞ ርዝመት ብዙውን ጊዜ ከሁለት ኪሎ ሜትር አይበልጥም።

ጉዳዩን አንገብጋቢ ያደረገው የዋጋው ነገር ነው። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ አጠቃላይ የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሣት ከጀመረ ወዲህ የቤንዚን ተመን በተከታታይ ጨምሮ፣ በ2017 ዓ.ም. አንድ ሊትር በይፋ ዋጋ ከ100 ብር አልፏል። በሌላ በኩል የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ ዛሬ በእጅ ያለው ትንሽ መኪና ለብዙ ዓመታት የሚያገለግል መኪና ነው፤ በግምት በሚደረግ ጥገና የሚጎዳ መለዋወጫም በቀላሉ አይተካም። ባለንብረቱ «መኪናዬ ታሟል» ብሎ ሲያምን ኢንጀክተር ያሳጥባል፣ ካንዴላ ይቀይራል፣ አንዳንዴም ደኅና የነበረውን ካምቢዮ ያስፈታል። የዚህ ሁሉ ወጪ ውጤት በማደያው ካልታየ ችግሩ ከመነሻው በትክክል አልተለካም ማለት ነው።

2. የወረቀቱ ቁጥር ከየት መጣ?

በአገራችን ለአውቶማቲክ ትንሽ መኪና ዋና ምሳሌ የሚሆነው ቶዮታ ቪትዝ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለተኛው የቪትዝ ትውልድ ባለ 1.0 ሊትሩ ሞተር 996 ሲሲና 3 ሲሊንደር ያለው ሲሆን፣ ከ4 ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ ጋር ይሸጥ ነበር። ባለ 1.3 ሊትሩ ደግሞ ሲቪቲ የተባለውን፣ ቋሚ ማርሽ የሌለውን ካምቢዮ ይዞ ወጥቷል። ሻጭና ገዢ ስለ እነዚህ መኪኖች ሲነጋገሩ «በሊትር ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ» የሚለው ቁጥር ይነሣል። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የተገኘበት ሁኔታ መታወቅ አለበት።

ጃፓን በዚያ ዘመን ትጠቀምበት የነበረው «10-15» የተባለው ሙከራ 660 ሰከንድ ይፈጃል፤ ርዝመቱ 4.16 ኪ.ሜ.፣ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 22.7 ኪ.ሜ.፣ ከፍተኛው ፍጥነት 70 ኪ.ሜ. ነው። ሙከራው የሚካሄደው በቤተ ሙከራ፣ በሚሽከረከር ሲሊንደር ላይ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሞተሩ አስቀድሞ በሚገባ እንዲሞቅ ይደረጋል። በኋላ የተተካው «ጄሲ 08» የተባለው ሙከራ 8.17 ኪ.ሜ. ርዝመት ሲኖረው፣ በቀዝቃዛ ሞተር የሚደረገውን መለኪያ ከውጤቱ ሩብ ያህል ድርሻ ሰጥቶ አስገብቷል። የሙከራው አዘጋጆች ራሳቸው ቀዝቃዛ ማስነሻ ፍጆታን እንደሚለውጥ ተቀብለዋል ማለት ነው።

አሁን የፍኖተ ሰላምን ጉዞ ከዚህ አጠገብ እናስቀምጠው። አንድ ተኩል ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና የ10-15ን ሙከራ ርቀት ግማሽ እንኳ ሳይጨርስ ይቆማል፤ ሞተሩም ገና አልሞቀም። የወረቀቱ ቁጥር የሚነግረን ይህ ጉዞ ከሚያበቃበት ቦታ በኋላ ስላለው የመኪና ጠባይ ነው።

3. ነዳጁ የት ይሄዳል?

3.1 መነሣትና መቆም። ከነተሳፋሪው 1,150 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በሰዓት 30 ኪ.ሜ. ሲደርስ የያዘው የእንቅስቃሴ ጉልበት 0.04 ሜጋ ጁል ገደማ ነው። ፍሬን ሲያዝ ይህ ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። የአንድ ሊትር ቤንዚን ጉልበት 32 ሜጋ ጁል፣ በዝቅተኛ ጭነት የሚሠራ ሞተር ወደ ጎማ የሚያደርሰው ደግሞ 20 በመቶ ነው ብንል፣ ከአንድ ሊትር 6.4 ሜጋ ጁል ብቻ ይገኛል። እያንዳንዱ መነሣት እንግዲህ 6 ሚሊ ሊትር ገደማ ይወስዳል። ባጃጅ፣ ጋሪና እግረኛ በሚጋሩት መንገድ ላይ በአንድ ኪሎ ሜትር አራት ጊዜ መቆም ቢኖር፣ ይህ ብቻ በ100 ኪ.ሜ. 2.5 ሊትር ይሆናል።

3.2 የመንገዱ ገጽ። ጎማ በመንከባለሉ የሚገጥመው ተቃውሞ በደኅና አስፋልት ላይ ከመኪናው ክብደት 1.2 በመቶ፣ በኮብልስቶን ወይም በጠጠር መንገድ ላይ 2.5 በመቶ ቢሆን፣ በላይኛው ስሌት መሠረት ልዩነቱ በ100 ኪ.ሜ. 2.3 ሊትር ያህል ይደርሳል። ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም ወጥቶ በጠጠር መንገድ ወደ ገጠር ወረዳ የሚሄድ ሰው ይህን ይከፍላል፤ ንፋሱ ያነሰ ጎማ ደግሞ ይጨምርበታል።

3.3 የካምቢዮው ጠባይ። በአውቶማቲክ መኪና በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለው ቶርክ ኮንቨርተር ኃይልን የሚያስተላልፈው በዘይት ነው። የሞተሩ ወገንና የካምቢዮው ወገን በአንድ ፍጥነት ስለማይዞሩ የተወሰነው ጉልበት ዘይቱን በማሞቅ ይባክናል። ይህን ለማስቀረት በውስጡ ሁለቱን ወገኖች አጣብቆ የሚይዝ መቆለፊያ አለ። ነገር ግን መቆለፊያው የሚሠራው መኪናው ከተወሰነ ፍጥነት ሲያልፍና ሞተሩ ሲሞቅ ነው። በዝግታ እየተነሣ በሚቆም፣ ባልሞቀ መኪና ውስጥ መቆለፊያው አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ላይ አይውልም። በዚህ ላይ መኪናው ማርሹ «ዲ» ላይ ሆኖ ሲቆም፣ ሞተሩ በሚኒሞ ሆኖ የታሰረውን ካምቢዮ ይገፋል። ማኑዋል መኪና በዚህ ሰዓት ይህ ጭነት የለበትም። ሰዎች «አውቶማቲክ ይበላል» የሚሉት ከዚህ አንጻር እውነት አለው፤ እውነትነቱ ግን ከጉዞው ማጠርና ከመቆሙ ብዛት ጋር አብሮ የሚጨምርና የሚቀንስ ነው።

3.4 ከፍታ። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር፣ ቡሬ ደግሞ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በደረጃው የከባቢ አየር ስሌት መሠረት የአየሩ ግፊት በፍኖተ ሰላም በባሕር ጠለል ካለው 79 በመቶ፣ በቡሬ 77 በመቶ ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከፍተኛ ኃይሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። በካርቡሬተር ዘመን የአየሩ መሳሳት ድብልቁን በነዳጅ ያበዛው ነበር፤ በኢንጀክሽን የሚሠራ ሞተር ግን አየሩን በሴንሰር ለክቶ ነዳጁን ስለሚመጥን ከፍታው በራሱ ብክነት አይፈጥርም። ጉዳቱ የሚመጣው በሌላ መንገድ ነው፦ ኃይል ያነሰው ሹፌር ጋዙን አጥብቆ ይረግጣል፤ ካምቢዮው ማርሽ ይቀንሳል፤ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ይጮኻል። ይህ ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወጣው መንገድ ላይ ጎልቶ ይታያል እንጂ በከተማው ሜዳ ላይ ለሚታየው ፍጆታ ዋና ምክንያት አይሆንም።

4. አንድ መኪና፣ ሁለት ውጤት

ከላይ የተዘረዘሩትን በሦስት ክፍል ማጠቃለል ይቻላል፦

ነዳጅ = (ሀ × ርቀት) + (ለ × እየሠራ የቆመበት ሰዓት) + (ሐ × ቀዝቃዛ ማስነሻ)

እዚህ ላይ «ሀ» መኪናው ሲንቀሳቀስ በኪሎ ሜትር የሚወስደው፣ «ለ» ቆሞ እየሠራ በሰዓት የሚወስደው፣ «ሐ» ባልሞቀ ሞተር ለመነሣት የሚጨመረው ነው። ቁጥሮቹ ከመኪና ወደ መኪና ይለያያሉ፤ ለማሳያ ያህል ግን «ሀ» በከተማ 0.060 ሊትር፣ በአውራ ጎዳና 0.055 ሊትር፤ «ለ» 0.8 ሊትር፤ «ሐ» 0.06 ሊትር ናቸው እንበል።

አንደኛው ቀን የከተማ ቀን ነው። መኪናው ስድስት ጊዜ 1.5 ኪ.ሜ. ተነድቶ 9 ኪ.ሜ. ሄደ፤ አራቱ ማስነሻዎች ቀዝቃዛ ነበሩ፤ በትምህርት ቤት በር፣ በማደያ ሰልፍና በገበያ ዳር በድምሩ 45 ደቂቃ ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሟል። ፍጆታው 0.54 + 0.60 + 0.24 = 1.38 ሊትር ይሆናል፤ ይህም በሊትር 6.5 ኪ.ሜ. ነው። ሁለተኛው ቀን ደርሶ መልሱ 50 ኪ.ሜ. የሆነ የአውራ ጎዳና ጉዞ ነው፤ አንድ ቀዝቃዛ ማስነሻና 10 ደቂቃ መቆም ብቻ አለው። ፍጆታው 2.94 ሊትር፣ ውጤቱም በሊትር 17 ኪ.ሜ. ነው።

መኪናው ያው ነው፤ በሁለቱም ቀናት ጤነኛ ነው። በመጀመሪያው ቀን ከተቃጠለው ቤንዚን ከግማሽ በላይ የሚሆነው አንድም ሜትር አላስኬደም። አምስት የከተማ ቀንና አንድ የጎዳና ቀን ያለፈበት የነዳጅ ታንክ አማካይ ውጤት ደግሞ በሊትር 9.7 ኪ.ሜ. ያህል ይሆናል፤ ይህ ቁጥር የሁለቱንም ቀን እውነት አይናገርም። ባለንብረቱ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ቡሬ ሳይሄድ ቢቀር ውጤቱ ወደ 6.5 ይወርዳል፤ ምንም ሳይበላሽ «መኪናው ተበላሸ» ይባላል።

ስሌቱ መፍትሔንም ለማነጻጸር ያገለግላል። ጥገና ተደርጎለት የከተማው «ሀ» በ10 በመቶ ቢሻሻል የከተማው ቀን ውጤት ከ6.5 ወደ 6.8 ብቻ ይደርሳል። ያለ ምንም ጥገና 45 ደቂቃው መቆም ወደ 15 ቢቀንስ ግን ፍጆታው 0.98 ሊትር፣ ውጤቱ በሊትር 9.2 ኪ.ሜ. ይሆናል። በዚያ ላይ ጉዞዎች ተጣምረው ቀዝቃዛ ማስነሻው ከአራት ወደ ሁለት ቢወርድ 10.5 ይደርሳል። በዚህ መንገድ የሚተርፈው 0.52 ሊትር፣ ሊትሩ 100 ብር ቢሆን እንኳ፣ በቀን 52 ብር ነው።

5. መኪናው በእውነት ሲታመም

ከላይ የተባለው ብልሽት የለም ለማለት አይደለም። ጥያቄው ከየትኛው ይጀመር የሚለው ነው።

መጀመሪያ መታየት ያለበት ቴርሞስታት ነው። በአንዳንድ ጋራዦች ሞተር እንዳይግል በሚል ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል የተለመደ ነው። ለአጭር ጉዞ ከተማ ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው፦ በማለዳ ብርድ የተነሣ ሞተር ውኃው ገና ከመጀመሪያው በራዲያተር እየዞረ ስለሚቀዘቅዝ ሳይሞቅ መድረሻው ላይ ይቆማል። የሞተሩ ኮምፒውተር ነዳጅ አብዝቶ ይሰጣል፤ ካምቢዮውም መቆለፊያውንና የመጨረሻውን ማርሽ ለመጠቀም ይዘገያል። በብዙ ትንንሽ የጃፓን መኪኖች ዳሽቦርድ ላይ ሞተሩ እስኪሞቅ የምትበራ ሰማያዊ መብራት አለች። መብራቷ ለመጥፋት ከወትሮው እጅግ ከዘገየች፣ ወይም በኦቢዲ መሣሪያ ሲታይ የውኃው ሙቀት ወደ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ደርሶ እንደመጽናት በቁልቁለት ወደ 60ዎቹ ከወረደ፣ ቴርሞስታቱ ክፍት ነው ወይም የለም። ዋጋው ከአንድ ኢንጀክተር ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ሁለተኛው ጎማና ፍሬን ነው። የጎማ ንፋስ በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተጻፈው መጠን መሆኑን፣ ከጉዞ በኋላም አንዱ ቸርኬ ከሌሎቹ ይበልጥ አለመጋሉን መመልከት ይበቃል። ሦስተኛው የኦክስጅን ሴንሰርና የካምቢዮ ዘይት ነው፤ በሲቪቲ ውስጥ ለተራ አውቶማቲክ የተሠራ ዘይት መጨመር ግን ከፍጆታ ያለፈ ጉዳት ያመጣል።

በተቃራኒው የአየር ፊልትሮ ብዙ ጊዜ ያለጥፋቱ ይከሰሳል። የአሜሪካው ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ በኮምፒውተር በሚመራ ኢንጀክሽን ሞተር ላይ የቆሸሸ ፊልትሮ መኪናውን ያደክመዋል እንጂ ፍጆታውን ይህ ነው በሚባል መጠን አይጨምርም። በበጋ አቧራ ፊልትሮን መቀየር ለሞተሩ ዕድሜ ተገቢ ነው፤ የነዳጅ መፍትሔ አድርጎ መጠበቅ ግን ያሳዝናል። በቁልቁለት ማርሽን ወደ ኒውትራል ማውጣትም እንዲሁ ነው። ማርሽ ውስጥ ሆኖ ጋዝ ሲለቀቅ ኢንጀክሽኑ ነዳጁን ይዘጋል፤ ኒውትራል ላይ ግን ሞተሩ በሚኒሞ ለመቆየት ቤንዚን ይወስዳል። ወደ ዓባይ በሚወርድ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬን ብቻውን እንዲቀር ስለሚያደርግ ለሕይወት አደጋ ነው።

6. አለካክ

በጥንቃቄ ያልተመዘገበ ፍጆታ አያከራክርም፤ ሁሉም የየራሱን ግምት ይናገራልና። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ እንዲገዛ መደረጉ ለዚህ ጥናት ያልታሰበ ጥቅም አለው። እያንዳንዱ ግዢ ቀንና የብር መጠን ያለው ማስረጃ በስልክ ላይ ትቶ ያልፋል፤ ብሩን ለዕለቱ ተመን በማካፈል ሊትሩ ይገኛል። በዚህ ላይ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ንባብ፣ የቀዝቃዛ ማስነሻዎችን ቁጥርና ሞተሩ እየሠራ የተቆመበትን ደቂቃ በማስታወሻ መያዝ ይጠይቃል። ታንኩ ሁልጊዜ ከአንድ ማደያ እስከ አንድ ልክ ቢሞላ ይመረጣል። በፕላስቲክ ዕቃ በችርቻሮ የሚገዛ ቤንዚን መጠኑም ጥራቱም ስለማይረጋገጥ የዚያ ወቅት መዝገብ ከስሌቱ ይውጣ።

ያልታወቁት ሦስት ስለሆኑ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ የታንክ መዝገቦች ያስፈልጋሉ፤ አሥርና ከዚያ በላይ ሲሆኑ በሪግሬሽን «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ከነስሕተት መጠናቸው ይወጣሉ። ለዚህም ከተማ ብቻ የተነዳባቸውና ጎዳና የበዛባቸው ታንኮች መቀላቀል አለባቸው፤ ሁሉም ታንክ ተመሳሳይ ከሆነ ሦስቱን መለየት አይቻልም። ቆጣሪውም ይመርመር፦ ለገጠር መንገድ ከፍ እንዲል 165/70 አር 14 የነበረ ጎማ በ175/70 አር 14 ቢቀየር የጎማው ቁመት በ2.4 በመቶ ይጨምራል፤ ቆጣሪውም በዚያው መጠን አሳንሶ ይቆጥራል። መኪናው ሳይለወጥ በወረቀት ላይ የባሰበት ይመስላል።

የተገኘው ውጤት የሚተረጎመውም በዚሁ ክፍፍል ነው። «ሀ» ከፍ ካለ ጎማ፣ ፍሬንና ካምቢዮ ይታያሉ። «ለ» ከፍ ካለ ሚኒሞና ቆሞ የሚጎትተው ጭነት ይመረመራል። «ሐ» ከፍ ካለ ቴርሞስታትና የሙቀት ሴንሰር ይጠረጠራሉ። ሦስቱም ልካቸውን ጠብቀው የታንኩ ውጤት ዝቅ ካለ መኪናው ጤነኛ ነው፤ የሚታረመው የጉዞው አደረጃጀት ነው።

7. መደምደሚያ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መጠን ባሉ ከተሞች ውስጥ የትንሽ አውቶማቲክ መኪና ፍጆታን የሚወስነው ከርቀቱ ይልቅ የጉዞው ቁርጥራጭነት ነው። ኪሎ ሜትር በሊትር ረጅም መንገድ ለሚሄድ መኪና የተመቸ መለኪያ ሲሆን፣ 9 ኪሎ ሜትር በስድስት ጉዞ ለሚከፋፍል ቤተሰብ ግን ጤናን ከሕመም አይለይም። መካኒኩ ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት «በቀን ስንት ጊዜ ታስነሣዋለህ? ምን ያህል ደቂቃ ቆሞ ይሠራል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ባለንብረቱም መልሱን ከመዝገቡ ቢሰጥ፣ ብዙ ያለጥፋቱ የሚፈታ ካምቢዮ ሳይነካ ይቀራል።

ለቀጣይ ጥናት ሁለት አቅጣጫዎች ይታያሉ። አንደኛው የሦስቱን ቁጥሮች መጠን ለባለ 4 ማርሹና ለሲቪቲው ቪትዝ በየራሱ በመስክ መለካት ነው። ሁለተኛው አጭርና ቁርጥራጭ ጉዞ ለኤሌክትሪክ መኪና የተመቸ በመሆኑ፣ በዚሁ መዝገብ ተጠቅሞ የእነዚህ ከተሞች የቤት መኪና በቀን የሚፈልገውን የባትሪ ጉልበት ማስላት ነው። ሁለቱም ውድ መሣሪያ አይጠይቁም፤ በትዕግሥት የተያዘ መዝገብ ይበቃቸዋል።